ናይስ ያልሆነችው ሴት

ሰፈሩ ውስጥ እንግሊዝኛ የቸገረው ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደ ጋሽ ናይስ ነው። ይህን ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም። በሰፈሩ ፎቶኮፒ ቤት በረንዳ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንዷ ቁልፏ ካልተደበደበች የማትሠራ አሮጌ ኮምፒዩተር አለችው። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጦ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል። አሠሪ «ይህ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብሎ ሲጠይቅ በእንግሊዝኛ የሚመልስለት እሱ ነው።

መልሱ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ሾፌር ቢመጣ «ናይስ ሰው ነው፤ ቬሪ ጉድ ሠራተኛ ነው፤ ሃርድ ወርኪንግ ነው» ብሎ ይጽፍለታል። ምግብ አብሳይ ብትመጣ «ሂ» የነበረው «ሺ» ይሆንና ደብዳቤው እንዳለ ይታተማል። አንድ ጊዜ አንድ የጥርስ ሐኪም ረዳት ደብዳቤውን ተቀብሎ ገልብጦ ካየው በኋላ፣ «ጋሼ፣ ስለ ጥርስ የሚል የለበትም እንዴ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «ናይስ ሲባል ጥርስንም ይጨምራል» ብሎ አሰናብቶታል።

እንዲህ ያደረገው ስንፍና አይደለም፣ ፍርሃት ነው። በወጣትነቱ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ታይፒስት ሳለ የሥራ አስኪያጁ እናት ሞቱና የሐዘን መግለጫ እንዲጽፍ ታዘዘ። «ታላቅ ሴት ነበሩ» ለማለት ፈልጎ፣ የሚያውቀው «ግሬት» አነሰበት። መዝገበ ቃላት ገለጠና ረዘም ያለውን፣ «ኢኖርመስ» የሚለውን መረጠ። ሟቿን ታላቅ ሳይሆን ግዙፍ ሴት ማድረጉን የተረዳው መግለጫው ተባዝቶ ለሠራተኛው ሁሉ ከታደለ በኋላ ነው። ይባስ ብሎ ሴትዮዋ እውነትም ወፍራም ነበሩ። ሦስት ወር መጋዘን ወርዶ ካርቶን ሲደረድር ከረመ። ከዚያ ወዲያ የማይነክሱትን ቃላት ብቻ ይዞ ቀረ። ናይስ ደግሞ ሰው ነክሶ አያውቅም።

ባለቤቱ ግን ትነክሳለች። በአንድ ላውንደሪ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ስትሠራ ምላሷ ያልደረሰበት ደንበኛ የለም፤ ተቀይሞ ልብሱን ሌላ ቤት የወሰደ ደንበኛም የለም። ባለፈው ወር የላውንደሪው ባለቤት፣ ዐይናቸው የደከመ አዛውንት ናቸው፣ ቤቱን ሊዘጉ መሆኑን ነገሯት። በዚያው ሰሞን ከመንገዱ ማዶ የተከፈተው ሆቴል «የልብስ ንጽሕና ክፍል ኃላፊ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ከቀድሞ አሠሪ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ማቅረብ ግዴታ ነው ይላል። ዕድሜዋ ሃምሳን ተሻግሯል። ይህ ካመለጣት ሌላ የሚቀጥራት እንደማይኖር ሁለቱም ያውቁታል፣ ግን አንዳቸውም አፍ አውጥተው አልተናገሩትም።

«ባልሽ ይጻፈውና እኔ እፈርማለሁ» አሏት አዛውንቱ። ጋሽ ናይስ በአሥር ደቂቃ ጽፎ፣ ቁልፏን ደብድቦ፣ አስፈርሞ ሰጣት። ምን ይላል ብላ አልጠየቀችውም። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ ማን ምን ተብሎ ተጻፈ ብሎ ይጠይቃል?

ሰኞ ጠዋት ይዛው ሄደች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሳ በቀጥታ በረንዳው ላይ ወጣች። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ተነሥ» አለችው፤ ተነሣላት።

«ሥራ አስኪያጇ ፋይል ከፍታ ሰባት ደብዳቤ አወጣች» አለችው ለባሏ። «የዘበኛው አለ። የአትክልተኛው አለ። ባለፈው ወር ያባረሩት አስተናጋጅም አለ። የኔን ከጎናቸው አስቀመጠችና፣ ‹እስቲ ልዩነቱን ያሳዩኝ› አለችኝ።»

«እንግሊዝኛ የማታነቢውን ምን ብለሽ ታሳያታለሽ?»

«ዐይን የለኝም? ከስሙ በቀር አንድ ናቸው። መስመሩ እንኳ የሚያልቀው እኩል ነው።»

ጋሽ ናይስ ጉሮሮውን ጠረገ። «የደብዳቤ ወጉ ነው። እንደዚያ ነው የሚጻፈው።»

«‹ዘበኛውን ቬሪ ጉድ ነው ተብዬ ቀጠርኩት፣ በሳምንቱ በሩ ላይ ተኝቶ አገኘሁት› አለችኝ። ‹አስተናጋጁም ቬሪ ጉድ ነበር፣ እንግዳ ላይ ሾርባ ደፍቶ ሳቀ› አለችኝ። ‹እርስዎም ቬሪ ጉድ ነዎት፤ ታዲያ ከእርስዎ ምን ልጠብቅ?› አለችኝ። ምን ልበላት?»

«ማን ጻፈው ብላ ጠየቀችሽ?»

«ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«አላውቀውም አልኳት።»

ቆሞ የቀረው ደንበኛ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ወደ መንገዱ ዞረ።

«እስከ ዓርብ ቀን ሰጥታኛለች» አለች ሚስትየው። «‹ስምዎን በእጄ ብሸፍነው፣ የሚያውቅዎት ሰው ሰምቶ እርስዎ መሆንዎን የሚለይበት ደብዳቤ ያምጡ› ነው ያለችው። ካልሆነ ቦታውን ለሌላ ትሰጠዋለች።» ተነሣችና ነጠላዋን አስተካከለች። «ሠላሳ ዓመት አብረኸኝ ስትኖር ስለ እኔ የምታውቀው ከዘበኛው እኩል ነው?»

ጋሽ ናይስ የማትሠራዋን ቁልፍ ደበደበ።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብላው ወረደች። ለመሳደብ ብላ ራሷን አህያ ማድረጓ አንጀቷ ምን ያህል እንዳረረ ያሳያል።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ናይስ መዝገበ ቃላቱን አቧራውን አራግፎ ቤት ይዞት ገባ። ነገሩ ቀላል መስሎት ነበር። «ጉድ» ካነሰ ከፍ ያለውን መፈለግ ነው። ሚስቱ ጓዳ ውስጥ ድስት ታጥባለች።

«ኤክሰለንት ብልሽስ?» አላት ከተቀመጠበት ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ምን ማለት ነው?»

«ከጥሩ እጅግ የበለጠ ጥሩ።»

«ዘበኛው እሱን መሆን አይችልም?»

ጋሽ ናይስ አሰበ። ወረቀት ላይ ከሆነ ይችላል። ገጽ ገለጠ።

«ዋንደርፉልስ? ድንቅ ማለት ነው።»

«ምን አድርጌ?»

እዚህ ላይ ተያዘ። ቃሉ ረዝሟል፣ አምሯል፣ ግን ምን አድርጋ እንደሆነ አይናገርም። ሁለት ቀን ሙሉ ከመዝገበ ቃላቱ ጋር ሲታገል ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነበት። ጭንቀቱ የእንግሊዝኛ እንዳልሆነ የገባው ዘግይቶ ነው። እንግሊዝኛውን ይተውትና፣ ሚስቱ በቀን አሥር ሰዓት ምን ስትሠራ እንደምትውል በአማርኛም አያውቅም። አሥራ ስምንት ዓመት እስከ ላውንደሪው በር ሸኝቷት ይመለሳል እንጂ ደፉን ተሻግሮ አያውቅም። ሁለቱ ቀን እንዳለፈ ደብተርና እስክሪብቶ ብብቱ ስር ሸጉጦ ገባ።

ውስጡ እንፋሎትና የማሽን ጩኸት ነው። አዛውንቱ ጥግ ላይ ሬዲዮ አቅፈው ያንጎላጃሉ። ሚስቱ ከልብስ ክምር ቀና ብላ አየችው።

«ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ልይሽ ብዬ።»

«እስከ ዛሬ ምን ስታይ ነበር?» አለችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አንድ ጎረምሳ ኮት ይዞ ገባ። ደረቱ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ዕድፍ አለበት። ሚስቱ ኮቱን ወደ መስኮቱ ወስዳ በአውራ ጣቷ አሸት አደረገችው፣ አሸተተችውም።

«ዘይት ነው። መቼ ነው የፈሰሰበት?»

«ትናንት።»

«ትናንት አይደለም። ሳምንት አልፎታል፤ አንተም በሙቅ ውኃ አሽተኸዋል። አሁን አይለቅም፣ ውሰደው።»

«እባክሽ እትዬ፣ ሞክሪው ብቻ።»

«እንደማይለቅ እያወቅሁ ሞክሬ ገንዘብህን ልብላ? ውሰደው አልኩህ።»

ጎረምሳው እየተነጫነጨ ወጣ። ሩብ ሰዓት ሳይቆይ ሁለት ሸሚዝ ይዞ ተመለሰ። «እነዚህስ?» አላት አንገቱን ደፍቶ። «እነዚህ ይለቃሉ» አለችና ተቀበለችው። ጋሽ ናይስ ደብተሩ ላይ ጻፈ።

ማሽን ውስጥ ከመክተቷ በፊት ኪስ ሁሉ ትገለብጣለች። ቁልፍ ሁሉ ሳብ ሳብ አድርጋ የላላውን ታጠብቃለች፤ ታጥቦ ሲወጣ ጠፋ ከሚባል አስቀድሞ መስፋት ይሻላል ትላለች። ኮሌታውን ገልብጣ ክሩ የሳሳውን ለብቻው ታስቀምጣለች። ካውያውን ነጭ ሸሚዝ ላይ ከማሳረፏ በፊት አሮጌ ጨርቅ ላይ ትፈትነዋለች። የጋሽ ናይስን አፍ ያስከፈተው ግን አንሶላው ነው። ሦስት ጊዜ ታለቀልቃለች፤ የመጨረሻውን ውኃ በጣቷ ነክታ በምላሷ ጫፍ ትቀምሰዋለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት ደንግጦ።

«ሳሙና የቀረበት አንሶላ የተኛበትን ሰው ሲያሳክከው ያድራል። ማሽኑ አይነግረኝም፣ ምላሴ ይነግረኛል።»

ይህንንም ጻፈ። በዚህ መሀል ለመተኮስ እጅጌዋን ስትሰበስብ ግራ ክንዷ ላይ፣ ከእጅ አንጓዋ ከፍ ብሎ፣ የካውያ ጫፍ ቅርጽ ያለው ጠባሳ አየ። ቆዳው ተጨማዶ ነጥቷል።

«ይሄ ምንድነው?»

ሚስቱ የቱን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ ክንዷን ገልብጣ አየችው። መልሱን የሰጡት ከእንቅልፋቸው የነቁት አዛውንት ናቸው። «አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የሙሽራ ቀሚስ ስትተኩስ ካውያው ሊወድቅበት ሲል በክንዷ መለሰችው። ቀሚሱን ጨርሳ ሰቅላ ነው ለራሷ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈሰሰችው። ሙሽሪት የሆነውን እንኳ አላወቀችም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሃለሁ። አይዞሽ ብለኸኝ ጋዜጣህን ገለጥክ።»

ጋሽ ናይስ አይዞሽ ማለቱ ትዝ አለው፤ ቁስሉ ግን ትዝ አላለውም። ለካ ናይስ በአማርኛም አለ። እስክሪብቶውን ኪሱ ከትቶ፣ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ዝም ብሎ አያት።

በነጋታው በረንዳው ላይ ደንበኛ አላስጠጋም አለ። ደብተሩን በግራ፣ መዝገበ ቃላቱን በቀኝ ዘርግቶ ተቀመጠ። ክሩ ለሳሳ ኮሌታ እንግሊዞች ምን ይላሉ? ፈልጎ ፈልጎ «ፍሬይ» አገኘ። ካውያ ጨርቅን ሳያቃጥል ለብለብ ሲያደርገውስ? «ስኮርች»። ማለቅለቅስ? «ሪንስ»። ሁሉም አጫጭር፣ ሁሉም በአንድ እፍኝ የሚያዙ ቃላት ናቸው። አርባ ዓመት ረዣዥሞቹን ሲፈራ እነዚህንም ሳያያቸው ነው የኖረው። «ስኮርች» የሚለው በተለይ በጣም ደስ አለው፤ ጮክ ብሎ አምስት ስድስት ጊዜ ደጋገመው። የፎቶኮፒ ቤቱ ባለቤት ከውስጥ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ አሞዎታል?»

«ደህና ነኝ። ስኮርች» አላት።

መተየብ ሲጀምር ግን ጣቶቹ በልማዳቸው ሮጠው «ናይስ» ብለው ቁጭ አሉ። ሊያጠፋው ሲል ቆም አለ። እስቲ በእውነት፣ ናይስ ናት? ኮቱን የተሸከመው ጎረምሳ ታየው። ምላሷ ያልማረው ጎረቤት ሁሉ ታየው። ራሱም ታየው። ከቃሉ ፊት «ኖት» የምትለዋን ጨመረ። «ናይስ አይደለችም» ሆነ። ግዙፏ ሟች ከነካርቶኑ ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት። ቢሆንም አላጠፋውም፤ ከዚያ በታች ለምን እንደዚያ እንዳለ እየዘረዘረ ሄደ። ሲጨርስ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ክፍት ቦታ ቀረ። እዚያ ላይ ማንም ያላዘዘውን አንድ ነገር ጨመረና፣ ሐሳቡን ሳይቀይር አተመው።

አዛውንቱ ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አራቁት። «አይታየኝም። ምን ይላል?»

«የምትሠራውን ይላል።»

«ለዚህ ነዋ የረዘመው» አሉና ፈረሙ።

ዓርብ ጠዋት ፖስታውን በሙጫ አሽጎ ሰጣት።

«ናይስ የሚል አለበት?» አለችው በጥርጣሬ።

«አንድ ቦታ ላይ።»

«ያን ሁሉ አይተህም?»

«እንደ ድሮው አይደለም» አለና ጫማውን አሰረ። ብቻዋን ሊለቃት አልደፈረም፣ አብሯት ሄደ።

ዘበኛው ሆቴሉ በር ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተኝቷል፤ ሲያልፉ አላያቸውም። ሥራ አስኪያጇ መነጽር ያደረገች፣ ጠረጴዛዋ ላይ ከስልክና ከአንድ እስክሪብቶ በቀር ምንም የማታስቀምጥ ሴት ናት።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለችው ጋሽ ናይስን።

«አላውቀውም ያልኩዎት ሰውዬ ነው» አለች ሚስቱ።

ሥራ አስኪያጇ ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ ፖስታውን ቀደደች። የመጀመሪያውን መስመር አንብባ ቀና አለች፣ ሴትዮዋን አየቻት፣ እንደገና አነበበች። ከዚያ ስልኩን አንሥታ ድምፅ ማጉያውን ተጫነች። ብዙ ከጠራ በኋላ የዘበኛው ድምፅ ከእንቅልፍ ጋር እየታገለ መጣ።

«ስለ አንዲት ሴት አነብልሃለሁ። ማን እንደሆነች ካወቅህ ንገረኝ» አለችውና እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰች ጀመረች። «‹ይህች ሴት ናይስ አይደለችም።›»

ሚስቱ አንገቷን ቀስ ብላ ወደ ባሏ አዞረች። ጋሽ ናይስ የጫማውን ማሰሪያ ሲመረምር ቆየ።

«‹የማይለቅ ዕድፍ ይዘው ቢመጡ፣ ገና ልብሱን ሳትቀበል አይለቅም ትላለች። ቢለምኗት...›»

«ይህችማ የጋሽ ናይስ ሚስት ናት» አለ ስልኩ። «የሠርጌን ሱፍ በሰው ፊት አሸክማ መልሳኛለች።»

«ገና መች አነበብኩልህ?»

«ሌላ አያስፈልግም፣ እሷው ናት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚያ አለች እንዴ?»

ሥራ አስኪያጇ ስልኩን ዘጋች። ዘጋች እንጂ ማንበቧን አላቆመችም፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በአማርኛ ቀጠለች። ኪሶቹን አነበበች። ቁልፎቹን አነበበች። ክራቸው የሳሳ ኮሌታዎችን አነበበች። ውኃው ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«እውነት ይቀምሱታል?»

«ይጣፍጠኛል ብዬ አይደለም» አለች ሚስትየው።

ከዚያ ክንዷን አነበበች። የሙሽራዋን ቀሚስ፣ ካውያውን፣ ቀሚሱ አልቆ እስኪሰቀል የጠበቀውን ቀዝቃዛ ውኃ። የወረቀቱ ግርጌ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ዘገየ። «‹ይህን ደብዳቤ የተየበው ሰው ከእሷ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ጠባሳውን ያየው ባለፈው ማክሰኞ ነው።›»

ሚስቱ ወደ ባሏ አልዞረችም፤ እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች። ሥራ አስኪያጇ መነጽሯን አውልቃ ምንም ያልነካውን መስታወት ስትወለውል ቆየች።

«ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይጀምሩ» አለቻት በመጨረሻ።

ሲወጡ ዘበኛው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ የዩኒፎርሙንም ቁልፎች ሁሉ ቆልፏል። ሚስትየው ሰላም ሳትለው አለፈች። መንገዱን እስኪያጋምሱ አልተናገረችም፤ ጋሽ ናይስም ውርጅብኙን እየጠበቀ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ተከተላት።

«ናይስ አይደለችም ብለህ ጻፍክብኝ» አለችው።

«እውነት ስለሆነ ነው።»

«እውነት ነው» አለች፣ ትንሽም ኮራ ያለች መሰለው። ከዚያ ቆመች። «የመጨረሻዋን ግን ከሰው አፍ መስማት አልነበረብኝም። አንተው በላት።»

«አሁን? መንገድ ላይ?»

«አሁን።»

ጋሽ ናይስ አፉን ከፈተ። በእንግሊዝኛ ሲጽፋት አንድ ደቂቃ አልፈጀችበትም። በአማርኛ፣ የጠባሳው ባለቤት ፊት ለፊት ቆማ፣ አልወጣ አለችው። አላፊ አግዳሚው ዞሯቸው ያልፋል። ማንንም ቆማ ጠብቃ የማታውቀው ሚስቱ ቆማ ጠበቀችው።

«ሠላሳ ዓመት አብሬሽ ኖሬ» ብሎ ጀመረ። «ጠባሳሽን ያየሁት ማክሰኞ ዕለት...»

«ረቡዕ ነው» አለችው። «ማክሰኞ አልመጣህም።»

«ረቡዕ» አለ። «ረቡዕ ዕለት አየሁት።»